ምስጋናና ኀዘን በአንድ ወንበር፤ ስለ ዝማሬና ስለ መዋሥዕት

በኢትዮጵያ ሰው ከሰው ጋራ በተገናኘ ጊዜ «እንደምን ሰነበትህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ከብቱ የረባለትም ከብቱ ያለቀበትም፥ ልጁን የዳረም ልጁን የቀበረም መልሱ አንድ ነው። እንግዲህ ይህ ቃል ከቃላት ሁሉ የረከሰ ነው፤ ወይም ከቃላት ሁሉ የከበረ ነው። የረከሰ ከሆነ ምላስ ለምዶት የሚናገረው፥ ልብ የማያውቀው ድምፅ ብቻ ነው። የከበረ ከሆነ ግን ሰው ባዘነበትና በተራበበት ቀን ለፈጣሪው የሚያቀርበው መሥዋዕት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት የተናጋሪውን ልብ ማየት ያሻል፤ ይህም ለሰው አልተሰጠም። ነገር ግን የተናጋሪውን ልብ ማየት ባይቻል፥ ቃሉን ያስተማረውን ትምህርት መመርመር ይቻላል።

ስለዚህ ነገር ብዙ ስብከት ተሰብኳል፤ ብዙም ተጽፏል። ይሁን እንጂ ከስብከቱ ሁሉ ይልቅ ጥልቅ የሆነ መልስ በጋይንት ይገኛል። ይህም መልስ በአንድ ሰው ቃል የተነገረ አይደለም፤ በትምህርት ሥርዓት ውስጥ የተቀመጠ ነው እንጂ። ይኸውም ዙር አባ፥ በብዙዎችም አፍ ዙር አምባ በሚባለው ደብር፥ የምስጋናው መጽሐፍ ዝማሬና የኀዘኑ መጽሐፍ መዋሥዕት በአንድ መምህር እግር ሥር፥ በአንድ ጉባኤ መማራቸው ነው። አንዱን ተምሮ ሌላውን ትቶ የሚመረቅ የለም። የትምህርቱም ስም «ዝማሬ መዋሥዕት» ተብሎ ሁለቱን እንደ አንድ ስም አያይዞ ይጠራል።

የአገሩን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መናገር ይገባል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ተራራ በምሥራቅና በደቡብ በኩል ጋይንት፥ እስቴና ስማዳ ይገኛሉ። ራስጌው ገብስ የሚበቅልበት ውርጭ ነው፤ ግርጌው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ቆላ ነው። መሬቱ የተሸረሸረ፥ ዝናሙም የሚያስቸግር ስለ ሆነ ገበሬው ከዓመት እስከ ዓመት እንደ ልቡ በልቶ የሚያድርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህ በእህል የደኸየ አገር በዜማ የበለጸገ ነው። የድጓ ምስክር ቤተ ልሔም በጋይንት ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ዙር አባም በዚያው በጋይንት ነው፤ የቆማ ዜማ የተባለውም ስሙን ያገኘው በእስቴ ካለው ከቆማ ፋሲለደስ ነው። ስለዚህ ከሸዋም ከጎጃምም፥ ከትግራይም ከወሎም ዜማን አጥርቶ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለምዱን ለብሶ ወደዚህ አገር ሲጓዝ ኖሯል። የጠገበ አገር ወደ ተራበ አገር ልጁን ለትምህርት ይልካል ማለት ነው። ይህ ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ መጻሕፍት እንመለስ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሁለቱንም ከድጓ፥ ከጾመ ድጓና ከምዕራፍ ጋራ በ6ኛው መቶ ዓመት በንጉሡ በገብረ መስቀል ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣቸዋል፤ ዝማሬንም በዚሁ በዙር አባ ደረሰው ይላል። ዝማሬ ሕዝቡ ሥጋውንና ደሙን በተቀበለ ጊዜ በቅዳሴው ፍጻሜ የሚዘመር ነው። ክፍሉም አምስት ነው፤ ኅብስት፥ ጽዋዕ፥ መንፈስ፥ አኰቴትና ምሥጢር ይባላል። መዋሥዕት ግን በሙታን ላይ የሚደርስ፥ በፍትሐትና በመታሰቢያ የሚባል ዜማ ነው። አንዱ የሕያዋን ማዕድ ነው፤ ሁለተኛው የሙታን ስንብት ነው። ታዲያ ስለ ምን በአንድ ወንበር ተቀመጡ?

እንደ መተርጕማን ልማድ ሦስት መልስ መስጠት ይቻላል። አንደኛው የሙያ መልስ ነው። ሁለቱም ከድጓ ያነሱ መጻሕፍት ናቸው፤ የዜማቸውም አካሄድ እርስ በርሱ የተቀራረበ ስለ ሆነ አንዱን ያወቀ ሁለተኛውን ለመያዝ ይቀለዋል። ይህን መልስ ጥቂት ነገር ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ ብዙ መንፈሳዊ ሥርዓት በሙያ ምክንያት ተጀምሮ በጊዜ ብዛት ምሥጢር ያፈራ ነውና። አንድም፥ ሁለቱ በፍጻሜ የሚቆሙ ናቸው፤ ዝማሬ በቅዳሴ ፍጻሜ፥ መዋሥዕት በዕድሜ ፍጻሜ። ፍጻሜን ማሳመር የሚችል ሰው ሁለቱንም ማወቅ አለበት። አንድም፥ ምስጋናን ብቻ የተማረ በመቃብር አፍ ላይ ቃል ያጣል፤ ልቅሶን ብቻ የተማረ በማዕድ ላይ አንገቱን ይደፋል፤ ስለዚህ እርስ በርሳቸው እንዲተራረሙ በአንድ ተቀመጡ። ከሦስቱ የመጨረሻው የጠለቀ ቢመስልም፥ ያለ ፊተኞቹ ሁለቱ በነፋስ ላይ የተሠራ ቤት ይሆናል። ምክንያቱም የመጽሐፉ ምሥጢር ከመጽሐፉ አገልግሎት ተለይቶ የሚታወቅ አይደለም።

የዝማሬን ክፍሎች ስም ብቻ የተመለከተ ሰው እንኳ አንድ ነገር ያስተውላል። አኰቴት፥ ማለት ምስጋና፥ ብቻውን አልቆመም። በጎረቤቱ ኅብስት አለ፤ ኅብስት የሚበላ ነው፥ የሚበላም የሚራብ ሥጋ ያለው ነው። ስለዚህ በዝማሬ የሚያመሰግነው ሰው ረኃብን የማያውቅ መልአክ አይደለም። በሁለተኛው ጎረቤቱ ጽዋዕ አለ፤ ጽዋዕ በቅዱሳት መጻሕፍት የደስታም የመከራም ምሳሌ ነው። ጌታ በጌቴሴማኒ እንዲያልፍለት የለመነው ጽዋዕ የመከራ ጽዋዕ ነበረ። በሌላው ወገን ምሥጢር አለ፤ ምሥጢርም ያልተገለጠ ነገር ነው። እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ የሚያመሰግን ሰው ሥጋው የሚራብ፥ መከራን የሚቀምስ፥ የተደረገበትንም ነገር ሁሉ ያልተረዳ ሰው ነው። ይህ ንባብ ደራሲው «እንዲህ ብዬ አሰብኩ» ብሎ የተናገረው አይደለም፤ ክፍሎቹ በአንድ መጽሐፍ ከመሰብሰባቸው የሚወጣ ነው። ይሁን እንጂ መልካም ቅኔ ከተቀኘው ሰው አሳብ ይልቅ ሊሰፋ እንደሚችል የቅኔ መምህራን ሁሉ ያውቃሉ።

መዋሥዕትም በስሙ ብዙ ይናገራል። «አውሥአ» መለሰ ማለት ነው፤ መዋሥዕትም መልሶች፥ ምላሾች ማለት ይሆናል። ስሙ በዜማው መመላለስ ምክንያት ቢሰጠውም፥ ሞት ጥያቄ እንደ ሆነ ያሰማል። ሞት በቤት ደጃፍ ቆሞ ይጠይቃል፤ ቤተ ክርስቲያንም ትመልሳለች። ዝም አትልም፤ «ምንም አልሆነም» ብላም አትዋሽም። የመልሷ ሥርዓት መጀመሪያ ሞትን ሞት ብሎ መጥራት፥ ከዚያ በኋላ ምሕረትን መለመን፥ በመጨረሻም ትንሣኤን ተስፋ ማድረግ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል መልሱ ጎዶሎ ነው። ሞትን ሳይጠራ ተስፋን የሚናገር ሰው የኀዘንተኛውን ልብ አያገኘውም፤ ሞትን ጠርቶ ተስፋን የማይናገር ደግሞ ከመቃብሩ ጋራ ይቀበራል።

እዚህ ላይ የመዋሥዕት ውበትም ጉድለትም በግልጥ መነገር ይገባዋል። ውበቱ ሙቱን ከሰው ሁሉ ጋራ ማስተካከሉ ነው። ባለጠጋውና ድኻው፥ ባላባቱና ጭሰኛው በአንድ ዜማ ይሸኛሉ። የአልቃሽ ሙሾ ግን የሙቱን ስም፥ ዘር፥ ጀግንነትና ልግስና ይዘረዝራል፤ ስለዚህ ብዙ ያለው ብዙ ይለቀስለታል። በዚህ ረገድ መዋሥዕት ከሙሾ ይበልጣል። ነገር ግን ልጇን የቀበረች እናት የሰውን ሁሉ ሞት አታለቅስም፤ የልጇን ሞት ነው እንጂ። እርሷ የምትፈልገውን ያንን አንድ ስም መዋሥዕት አያነሣላትም፤ ቃሉም ግእዝ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ ትርጓሜው አይደርሳትም። ካህናት ደረት መድቃትንና ፊት መንጨትን መከልከላቸው የተገባ ነው። ነገር ግን ሙሾውን ሁሉ እንደ አረማዊ ነገር ቆጥሮ መንቀፍ፥ ለዚያች እናት የቀረላትን አንድ አፍ መዝጋት ይሆናል። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መዋሥዕት፥ ከድንኳኑ ሥር ደግሞ ልከኛ ሙሾ ቢባል አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

የምስጋናና የመከራ ነገር ከደራሲው ከያሬድ ታሪክ ጋራም የተያያዘ ነው። በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባህ ብሎት፥ መምህሩና ዘመዱ ጌዴዎን ስለ ገረፈው ከትምህርት ሸሸ፤ በመንገድም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ፍሬ ለመብላት ወደ ላይ ስትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትደርስ አየ፤ ተመልሶም ተማረ። ኋላም በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በእግሩ ላይ ተከለው፤ ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ወጊውም ተወጊውም አላወቁም ይባላል።

ይህን ታሪክ የሚናገሩ ብዙዎች የዜማውን ጣዕም ለማድነቅ ብቻ ይናገሩታል። አንዳንዶችም ከዚህ አልፈው «እውነተኛ አመስጋኝ ሕመም አይሰማውም» ብለው ይተረጕሙታል። ይህ ትርጓሜ ታሪኩን እስከ ፍጻሜው አለማንበብ ነው። ዜማው ባለቀ ጊዜ ጦሩ ተነቀለ፤ ደሙም ፈሰሰ፤ ንጉሡም ደንግጦ «የምትሻውን ለምነኝ» አለው። ቁስሉ በምስጋናው ምክንያት አልጠፋም፤ ቁስል አይደለምም አልተባለም። ያሬድም ስለ ቁስሉ አላመሰገነም፤ ቆስሎ ሳለ አመሰገነ እንጂ። «ስለ» እና «ሳለ» በፊደል ቢቀራረቡ በትርጓሜ የተራራቁ ናቸው። ስለ ክፉ ነገር አመስግን ማለት ክፉውን መልካም ብሎ መጥራት ነው፤ ይህም ሐሰት ነው። በክፉ ቀን ውስጥ ሳለህ አመስግን ማለት ግን ክፉው ቀን የእግዚአብሔርን ቸርነት አያስረጀውም ብሎ መታመን ነው። የታሪኩም ፍጻሜ ይህንኑ ያስረዳል፤ ያሬድ ወርቅና ሹመት አልለመነም፤ ከቤተ መንግሥት እንዲሰናበት ለመነ፥ ወደ ሰሜንም ወጣ። የቆሰለ ሰው ከአቈሰለው ስፍራ መራቁ ከምስጋናው ጋራ አልተጣላም።

የዜማው ምልክቶችም ከዚህ ትምህርት የራቁ አይደሉም። ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደትና ቍርጥ የሚባሉት ስምንቱን ሊቃውንት በጌታ ሕማም ምሳሌ ይተረጕሟቸዋል፤ ይዘትን በመያዙ፥ ድፋትን በመውደቁ፥ ጭረትን በግርፋቱ ሰንበር፥ ርክርክን በደሙ መንጠባጠብ ይመስሉታል። ስለዚህ የትንሣኤ መዝሙር ሲዘመር እንኳ በመስመሩ ላይ የሚታየው ምልክት የሕማም ስም የተሸከመ ነው። በድጓ ቤት ደስታ ኀዘንን ረስቶ አይጮኽም ማለት ነው።

ምልክቶቹም የተሠሩበትን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። ትውፊቱ ሥራውን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ይህ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለበት፥ መጻሕፍት የጠፉበት፥ ሊቃውንትም ያለቁበት ጊዜ ተከታይ ነው። የዜማው እውቀት በሰው ቃል ብቻ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ስለ ሆነ መምህሩ ሲሞት አብሮ የሚሞት ነበረ። እነዚህ ሊቃውንት በዚያ ቃጠሎ አመድ ላይ ተቀምጠው ያደረጉት ነገር ምንድር ነው? የቀረውን ቈጠሩ፤ የቀረው እንዳይጠፋም ምልክት አደረጉለት። ከዚህ የበለጠ የምስጋና ትርጓሜ ማግኘት ይቸግራል። ምስጋና የጠፋውን አልጠፋም ማለት አይደለም፤ የተረፈውን ከእግዚአብሔር እጅ እንደ ተሰጠ አደራ ቈጥሮ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ምስጋና ስሜት ብቻ ሳይሆን ሥራም ነው።

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ሕዝብ ይህን ትምህርት የሚፈትን ክፉ ዘመን አላጣም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱ በበሽታ አልቆ፥ እርሻው ጦም አድሮ «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ ኢትዮጵያን ሲያጠፋት፥ በዚያው በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። በ1977 ዓ.ም. ዳግመኛ በሰሜን ኢትዮጵያ ረኃብ በረታ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር፥ ሕዝቡ ሴፍቲኔት በሚለው፥ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ ይገኛሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ በከተማውና በዙሪያው ያለ ሕዝብ ብዙ ግፍ ተቀበለ። በእንዲህ ያለ አገር «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ቃል በምቾት የተማሩት ቃል አይደለም።

የዜማ ቤቱ ኑሮ ከገበሬው ኑሮ የተለየ አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። ተማሪው ደመወዝ የለውም፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከደጅ ቆሞ፥ ከውሻ ተከላክሎ፥ ቍራሽና ቆሎ ለምኖ ይማራል። ገበሬው ያጣ ቀን ተማሪው ያጣል፤ ገበሬው የተሰደደ ቀን ጉባኤው ይፈታል። ስለዚህ ተማሪው በዝማሬ ስለ ኅብስት ሲዘምር የኅብስትን ዋጋ ያውቃል። ያመሰገነውም በአየር ላይ ያለ አሳብ አይደለም፤ ከራሷ ልጆች ጉሮሮ ቀንሳ አንዲት እፍኝ ቆሎ የሰጠችውን ሴት እጅ አይቶ ነው። በእግዚአብሔር መታመንን የተማረው ከመጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ ከዚያች ሴት ነው። እርሷም ለነገ ምን እንደምትበላ ሳታውቅ በሰጠች ጊዜ መታመንን ያለ ግእዝና ያለ ዜማ ፈጽማዋለች።

በዚህ ሚዛን በአሁኑ ዘመን በምስጋና ስም የሚጻፈውንና የሚዘመረውን ብዙ ነገር መመዘን ይቻላል። ሁለት ጉድለት ይገኝበታል። የመጀመሪያው ምስጋናን ንግድ ማድረግ ነው። «ይህን ስላገኘሁ አመሰግንሃለሁ፤ አመስግኜሃለሁና ደግሞ ጨምርልኝ» የሚል መዝሙር በቃሉ ምስጋና ቢመስልም በአሳቡ የገበያ ውል ነው። እንዲህ ብሎ የለመደ ሰው ዝናም በቀረ ጊዜ ከአምላኩ ጋራ ውሉን ያፈርሳል። ዝማሬ ግን ከማዕዱ በቀር ሌላ ትርፍ አይቈጥርም፤ የተሰጠውም ራሱ ሰጪው ነው።

ሁለተኛውና የባሰው ጉድለት ምስጋናን የኀዘንተኛ አፍ መዝጊያ ማድረግ ነው። ቤቱ ለተቃጠለበት፥ ልጁ ለሞተበት ሰው «አታጕረምርም፥ አመስግን» የሚል መካሪ የኢዮብን ወዳጆች ይመስላል። እነዚያ ሰዎች ስለ እግዚአብሔር ብዙ የሚያምር ቃል ተናገሩ፤ ነገር ግን በመጽሐፉ ፍጻሜ የተገሠጹት እነርሱ ናቸው። ኢዮብ በመጀመሪያ በደረሰበት ነገር እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ጥቂት ቈይቶም የተወለደበትን ቀን ረገመ፤ እግዚአብሔር ግን ከወዳጆቹ ይልቅ ኢዮብ ቅን ነገር እንደ ተናገረ መሰከረለት። ስለዚህ ማመስገኑና ማልቀሱ በአንድ ሰው አፍ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው፤ እግዚአብሔርም በሁለቱ አልተቈጣም።

ዳዊት የሚደግም ካህን ሁሉ ይህን በየቀኑ ያገኘዋል። ብዙዎቹ መዝሙራት በጩኸት ተጀምረው በምስጋና ይፈጸማሉ፤ በግእዙ ዳዊት 87ኛው መዝሙር ግን በጨለማ ተጀምሮ በጨለማ ይፈጸማል። ቤተ ክርስቲያን ግን «ይህ ምስጋና የለበትም» ብላ ከ150ው አላወጣችውም። ነገ ሊያመሰግን የሚችል፥ ዛሬ ግን ያልቻለ ሰው በጸሎት ቤት ስፍራ እንዲኖረው ተወችለት። ከዳዊቱ ጋራ በሚደገመው በነቢያት ጸሎት ውስጥም ዕንባቆም በለሱ ባያፈራ፥ በረቱም ባዶ ቢሆን ደስታውን በአምላኩ እንዳደረገ ይነገራል። ዕንባቆም ግን መጽሐፉን የጀመረው በክስና በጥያቄ ነው። ሠለስቱ ደቂቅም በእሳቱ ውስጥ ሆነው ሲያመሰግኑ እሳቱን ውኃ ነው አላሉትም፤ ጳውሎስና ሲላስም በፊልጵስዩስ ወኅኒ በሌሊት ሲዘምሩ ጀርባቸው በግርፋት ቈስሎ ነበረ።

አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ የተነሣውም በከንቱ አይደለም። «የጠገበ ሰባኪ ለተራበ ሕዝብ ምስጋናን ሲያስተምር ረኃቡን ሕጋዊ ያደርገዋል፤ ድኻው ጎተራውን ትቶ ሰማይ ሰማይ እንዲያይ ያደርጋል» ይባላል። እንዲህ ያለ ሰባኪ አለ፤ ተቃውሞውም ለእርሱ የተገባ ነው። ነገር ግን ዝማሬ ይህን ሰባኪ አይደግፈውም። ዝማሬ የሚዘመረው ኅብስቱ ለሁሉ በተቈረሰ ጊዜ ነውና። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጸው በዚሁ በጌታ ማዕድ ነገር ነው፤ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበርና፤ እንዲህ ያለውን ጉባኤ የጌታ እራት ብሎ መጥራት እንደማይገባ ነገራቸው። እንግዲህ ጎተራው ሞልቶ ጎረቤቱ ጦም እያደረ በቅዳሴ ፍጻሜ የሚዘምር ሰው ዜማው ቢያምርም ዝማሬው አልተፈጸመም። ቃሉን ዘምሮ ኅብስቱን ያልቈረሰ አመስጋኝ ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ባለ ቅኔ ነው።

ስለ ሰምና ወርቅ ከተነሣ የቤተ ልሔምን ቤተ ክርስቲያን ማስታወስ መልካም ነው። ቶማስ ፓከናም የተባለ የውጭ አገር ሰው በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ ጋይንት መጥቶ ቤተ ልሔምን ጐበኘ፤ ያየውንም በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈው። ከውጭ ሲያዩት እንደ ማናቸውም የገጠር ደብር ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ቤት ነበረ፤ ከውስጡ ግን ከመካከለኛው ዘመን የቈየ፥ በአራት ማዕዘን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ተሠውሮ ተገኘ። ክብ ሣር ቤቱ ለዘመናት ዝናሙንና ውርጩን ተቀብሎ የውስጡን አቈየው። በክፉ ዘመን የሚነገር «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ቃልም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ከውጭ የተለመደና የረከሰ ሣር ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የተጠበቀ የቆየ እምነት ይኖራል። ሣሩን አይቶ የሚያልፍ ሰው ይሳሳታል፤ ሣሩን አይቶ «ወርቅ በእርግጥ አለ» ብሎ የሚምልም ሳይገባ የመሰከረ ነው።

በመጨረሻ ፍርድ መስጠት ቢያስፈልግ እንዲህ ነው። ዝማሬና መዋሥዕት ለየብቻቸው ቢመዘኑ እያንዳንዳቸው ጎዶሎ አላቸው። ዝማሬ ብቻውን የጠገበ ሰው መዝሙር ሊመስል ይችላል፤ መዋሥዕትም ብቻውን የመቃብር ድምፅ ሊመስል ይችላል። ትልቁ ድርሰት ሁለቱን በአንድ ወንበር ያስቀመጠው ሥርዓት ነው፤ የዚህንም ሥርዓት ደራሲ አንድ ሰው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የዙር አባ መምህራን በዘመናት ብዛት ጠብቀው ያቈዩት ነውና። የቀረው ጉድለት የዜማው አይደለም፤ የሰሚው ነው። የሁለቱን መጻሕፍት ምሥጢር በአማርኛ አጥርቶ የሚያስረዳ ትርጓሜ በሰፊው ቢሰጥ፥ በከተማ ያለው የተማረ ሰውም በቀብር ላይ ቆሞ የሚሰማውን ነገር ያውቅ ነበር፤ ያች እናትም ካህኑ ስለ ልጇ ምን እንደሚለምን ትረዳ ነበር።

ተማሪው ዙር አባ ጨርሶ፥ ተመስክሮለት ወደ ተወለደበት ደብር በተመለሰ ጊዜ ሕዝቡ መጀመሪያ ለምን እንደሚጠራው አያውቅም። ምናልባት ለክብረ በዓል ይጠሩታል፤ ምናልባትም በደረሰበት ማታ አንድ ሰው ሞቶ ለፍትሐት ይጠሩታል። መምህሩ ሁለቱን ሳያስተምር ያልለቀቀው ስለዚህ ነው። እርሱም ያለ ምርጫ መጽሐፉን አንሥቶ ይሄዳል፤ በአንዱ ቤት አልቅሶ፥ በሌላው ቤት አመስግኖ፥ በሁለቱም ቤት ያንኑ አንዱን አምላክ ይጠራል።